የክርስቶስ ሠምራን ገድል ከመሃል አትጀምሩት

ባለፈው ሳምንት ባህር ዳር ላይ የተሳፈርኩባት ባጃጅ መስታወቷ ላይ የቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ሥዕል ተለጥፏል። ሹፌሩ ልጅ እግር ነው። ስለ እሷ ምን እንደሚያውቅ ጠየቅኩት። «ጣና ውስጥ ቆማ የጸለየችው ናት፤ ሰይጣንን ከእግዚአብሔር ጋር ልታስታርቅ የሄደችው» አለኝ። ልክ ነው። «ከዚያ በፊትስ?» ስለው ዝም አለ።

አልፈረድኩበትም። ለወጣቶቹ ስለ እሷ ስንነግራቸው ከመሃል እየጀመርን ነው። በዩቲዩብም በቲክቶክም የሚዞረው ተአምሩ ብቻ ነው።

ገድሏ ግን ከቤቷ ይጀምራል። የሸዋ ቡልጋ ሰው ናት። ባለትዳር፣ የልጆች እናት፣ ብዙ አገልጋይ ያላት እመቤት ነበረች። አንድ ቀን አንዷ ገረድ አበሳጨቻት። እመቤቲቱ የሚነድ ትንታግ አንስታ አፏ ውስጥ ከተተችባት። ገረዲቱ ሞተች። ክርስቶስ ሠምራ ደንግጣ አለቀሰች፤ ይህችን ነፍስ ብትመልስልኝ ዓለምን እተዋለሁ ብላ ተሳለች። ገረዲቱ ተነሣች። እሷም ስለቷን አልበላችም። ቤቷን ትታ ደብረ ሊባኖስ ገባች፤ ኋላም ወደ ጣና፣ ወደ ጓንጉት መጣች።

ይህን ለሹፌሩ ስነግረው ፍጥነቱን ቀነስ አደረገና «ገረዲቱስ ከዚያ የት ደረሰች?» አለኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ተአምር ብቻ ከሰማ ሰው አፍ አይወጣም።

12 ዓመት ሐይቅ ውስጥ ቆማለች፤ ዓሦች በአካሏ መሃል ይመላለሱ ነበር ይባላል። ትንታጉን ስናወጣው ይህ የብርታት ወሬ ሆኖ ይቀራል። ውኃው ውስጥ የቆመችው በእሳት የበደለች ሴት ናት። «ዲያብሎስን ማርልን» ብላ የለመነችውም የአዳም ልጆች ከመከራ እንዲያርፉ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ፣ እንዲህ ብሎ የሚለምን የገዛ እጁ ምን ማድረግ እንደሚችል ያየ ሰው ነው። ሰይጣን ግን እርቁን አልፈለገም፤ ይዞ ወደ ሲኦል ሲጎትታት ያስጣላት ቅዱስ ሚካኤል ነው።

«ቅድስት ሰው ገደለች ብሎ መስበክ ምዕመኑን ያሰናክላል» የሚሉኝ አሉ። አባቶቻችን ይህ አላስፈራቸውም። ጀልባ ይዛችሁ ዘጌ ተሻገሩና ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግቡ። ግድግዳው ላይ በላዔ ሰብ አለ። 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው፤ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ለምጻም በሰጠው ጥርኝ ውኃ ተማረ። ሠዓሊው ውኃውን ብቻ ሥሎ አላለፈም። ሲበላም ሥሎታል፣ ያውም መቅደሱ ግድግዳ ላይ።

የቅድስት ወለተ ጴጥሮስም ገድል እንዲሁ ነው። የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1672፣ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ልጆቿ በሕፃንነታቸው መሞታቸውን፣ የአፄ ሱስንዮስ ሹም የነበረ ባሏን ትታ መውጣቷን አልደበቀም።

ነሐሴ 24 የክርስቶስ ሠምራ በዓል ነው። በዚያ ቀን ዓውደ ምሕረት ላይ የምትቆሙ መምህራን፣ እባካችሁ ከሐይቁ አትጀምሩ። ከምድጃው ጀምሩልን። ገረዲቱንም አትርሷት።