ማስተካከያ፦ ፀረ እንግዳ አካል ምላሽን ሁልጊዜ አያፍንም

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ በፎቶ ኮፒ እየተባዛ ለፈተና የሚነበበው የባዮሎጂ ማስታወሻ «ቀድሞ የተሰጠ ፀረ እንግዳ አካል አዲሱን የመከላከል ምላሽ ያፍናል» ይላል። ፀረ እንግዳ አካል ማለት ሰውነት ባዕድ ነገርን (አንቲጅንን) ለይቶ ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። የማስታወሻው አባባል በደፈናው ልክ አይደለም። አይጂጂ የተባለው የፀረ እንግዳ አካል ዓይነት ከቀይ የደም ሕዋስ ጋር ሲሰጥ እውነት ነው፤ አርኤች ኔጋቲቭ የሆነች (በቀይ የደም ሕዋሷ ላይ ዲ የተባለው አንቲጅን የሌላት) እናት አርኤች ፖዘቲቭ ልጅ በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ የፀረ ዲ መርፌ (ዲን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል) የምትወጋውም ሰውነቷ በልጁ ቀይ የደም ሕዋስ ላይ የራሱን ምላሽ እንዳይጀምር ነው።

የሟሟ ፕሮቲን ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። በአይጦች ላይ እንደታየው፣ ፕሮቲኑ ከአይጂጂ ጋር ተጣብቆ ሲገባ ዴንድሪቲክ ሕዋሳት (ባዕድ ነገርን ይዘው ለሌሎች የመከላከያ ሕዋሳት የሚያሳዩ) በተቀባዮቻቸው ይዘው ይውጡታል፤ ቆራርጠውም የመከላከል ምላሹን ለሚያነቃቁት ረዳት ቲ ሕዋሳት ያሳያሉ። ምላሹ ፕሮቲኑ ብቻውን ከተወጋበት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የሌላው ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል፣ የአይጂኢ፣ መንገድ ደግሞ እጅግ ይደንቃል፦ በደም የሚዘዋወሩ ቢ ሕዋሳት (ፀረ እንግዳ አካል የሚያመነጩት ሕዋሳት መነሻ) ሲዲ23 በተባለው ተቀባይ የአይጂኢንና የፕሮቲኑን ጥምር ተሸክመው በግማሽ ሰዓት ገደማ ጣፊያ ያደርሱታል። ተሸካሚዎቹ ራሳቸው ያንን ፕሮቲን የሚለዩ መሆን አይጠበቅባቸውም! ሦስተኛው ዓይነት፣ አይጂኤም፣ በበኩሉ ትልልቅ አንቲጅኖች ላይ ኮምፕሊመንት በተባሉት የደም መከላከያ ፕሮቲኖች አማካይነት ምላሹን ያግዛል።

ቅጂው ኮምቦልቻም ስለደረሰ፣ ማስታወሻው በእጃችሁ ያለ ተማሪዎች «ያፍናል» የሚለውን «እንደ አንቲጅኑና እንደ ፀረ እንግዳ አካሉ ዓይነት ያፍናል ወይም ያጎለብታል» ብላችሁ አርሙት።