ማስተካከያ፦ «የኢየሩሳሌም አርቲቾክ» ከኢየሩሳሌም አልመጣም

ሰሞኑን ብዙ ሰው ያጋራው ጽሑፍ «የኢየሩሳሌም አርቲቾክ» የሚባለው ተክል ከቅድስት አገር የመጣ ነው ይላል። ስህተት ነው። የዕፅዋት ጥናት መጻሕፍት እንደሚሉት አገሩ ሰሜን አሜሪካ፣ የቅርብ ዘመዱም የሱፍ አበባ ነው። ፈረንሳዊው አሳሽ ሳሙኤል ደ ሻምፕላን በ1605 እ.ኤ.አ. በዛሬዋ አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ በሚገኘው ኬፕ ኮድ አካባቢ ነባር ሕዝቦች ሲያለሙት አይቶ፣ ጣዕሙን አርቲቾክ ከሚባለው አትክልት ጋር አመሳስሎታል። «ኢየሩሳሌም» የሚለው ደግሞ፣ በስፋት ተቀባይነት ባገኘው የቋንቋ አጥኚዎች ማብራሪያ፣ የሱፍ አበባ የጣሊያንኛ ስም የሆነው «ጂራሶሌ» በእንግሊዞች አፍ ተለዋውጦ የመጣ ነው።

ስህተቱ ማብሰያ ቤት ድረስ ይዘልቃል። ከተጋራው ጽሑፍ ጋር የተያያዘው የምግብ አሠራር የእውነተኛው አርቲቾክ ነው፤ የእሱ የሚበላው ያልፈነዳ የአበባ እንቡጥ ነው። የዚህኛው ግን ከመሬት በታች ያለው፣ ዝንጅብል የሚመስል እብጥብጥ ክፍሉ ነው። ውስጡ በስታርች ፈንታ ኢኑሊን የሚባል ሰውነት የማይፈጨው የካርቦሃይድሬት ዓይነት ስለሚበዛ ሆድ ሊነፋ ይችላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትበሉ ትንሽ ብቻ ቅመሱ።