ያልተቆጠረው ሚቴን
«የተፈጥሮ ጋዝ ከድንጋይ ከሰል በግማሽ ያነሰ ይበክላል» የሚለው እውነት የሚሆነው ሲቃጠል የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ስንቆጥር ነው። ከጉድጓዱ እስከ ማቃጠያው ድረስ ሳይቃጠል የሚያመልጠው ሚቴንስ፣ የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል የሆነው? በ20 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ያሞቃል፤ ከመቶ ጥቂት እጅ እንኳ ቢያመልጥ ያን ሁሉ ጥቅም ይበላዋል። «ጋዙ ቢያፈስ ኖሮ ይሸት ነበር» ለሚሉት፦ ሚቴን በራሱ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የምናውቀው ሽታ ለደኅንነት ሲባል ኋላ የሚጨመር ነው። በኢንፍራሬድ ካሜራ ግን ከታንክ ክዳን፣ እሳቱ ከጠፋ የጋዝ ማቃጠያ ማማ ሲትጎለጎል በግልጽ ይታያል። በጋዙ ግፊት የሚሠሩ የቫልቭ መቆጣጠሪያዎችማ ሳይበላሹም ሚቴን ይለቃሉ፤ አሠራራቸው ነው! በታመቀ አየር ወይም በኤሌክትሪክ በሚሠሩ መተካት እየተቻለ አምራቾቹ ለምን አይገደዱም?