እርማት፦ የድሬዳዋ ደረቅ አየር የመኪናን የአየር ታንክ ከውሃ አያድነውም

አንድ ወንድማችን «በድሬዳዋ አየሩ ሞቃትና ደረቅ ስለሆነ፣ የአየር ሰስፔንሽን ባላቸው የወታደር ከባድ መኪናዎች ላይ የአየር ታንኩን ውሃ ማፍሰስ አያስፈልግም» ሲሉ የሰጡት ምክር በብዙ ሾፌሮች ዘንድ የታመነ ቢሆንም ስሕተት ነው። የአየር ሰስፔንሽን ማለት መኪናውን በታመቀ አየር በተሞሉ የጎማ ከረጢቶች (ባሎኖች) የሚሸከም ሥርዓት ነው፤ አየሩም በታንኩ ይጠራቀማል። ደረቅ በምንለው አየር ውስጥም ተን አለ፤ ኮምፕሬሰሩ (አየር አማቂው) አየሩን ወደ 8 ባር ገደማ ሲያምቀው አየሩ የሚይዘው ቦታ ወደ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚቀንስ፣ ያ ሁሉ ተን በጠባብ ቦታ ተጨናንቆ ታንኩ ሲቀዘቅዝ ከፊሉ ውሃ ይሆናል። ይህ ውሃ ከኮምፕሬሰሩ ከሚያመልጥ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ወደ ባሎኖቹ የሚገባውንና የሚወጣውን አየር የሚመጥነውን የከፍታ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ያዝገዋል፣ ያጣብቀዋልም፤ መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ግን ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ምንም ያልሆነው ባሎን ነው። ወደ ሐረር የደንገጎን ዳገት ጭኖ ለሚወጣ መኪና ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ የታንኩ የውሃ ማፍሰሻ በየጊዜው ይከፈት፤ ውሃ እየበዛ ከመጣ የአየር ማድረቂያው ካርትሪጅ (እርጥበት የሚመጠው ተለዋጭ ክፍል) ይለወጥ። የባሎኖቹን አየር ከማስተንፈስ በፊት ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም) በጠንካራ ድጋፍ መያዝ አለበት፤ በአየር ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ አደራ እላለሁ።