ረገጥ ረገጥ ሲያደርጉት ይይዛል

ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ በጠዋት ወርዶ የማያውቅ ሰው ስለ እምነት ባያወራ ይሻለዋል። እኔ ዕድሜ ለጎረቤቴ ዓመት ሙሉ ተምሬያለሁ። ጋሼ እንላቸዋለን። አሮጌ ኮሮላ አላቸው። ጠዋት አራት ሰው ይዘው ከተማ ይወርዳሉ፣ እኛ ለቤንዚን እናዋጣለን። የእንጦጦ ቁልቁለት ሲጀምር የሁላችንም ወሬ ይቋረጣል። ያኔ የጋሼ ቀኝ እግር ፍሬኑ ላይ ሥራ ይጀምራል። ረገጥ። ረገጥ። ረገጥ። በሦስተኛው ይይዛል።

«አየህ?» ይሉኛል ዘወር ብለው። «ጠባዩን ማወቅ ብቻ ነው።»

ዘወር ባይሉ ደስ ይለኝ ነበር።

ሌላው ሾፌር ምስኪን ነው። አንዴ ይረግጣል፣ መኪናው ይቆማል፣ አለቀ። ምን ጣዕም አለው? እኛ ጋ ግን እያንዳንዱ መቆም ድል ነው። ተሳፋሪ ያማትባል፣ ጋሼ ፈገግ ይላሉ፣ ከፊታችን የቆመው ሚኒባስ ምን እንዳለፈው ሳያውቅ ሰው ያወርዳል። በዚያ ላይ መኪናው አይሰረቅም። ጠባዩን የማያውቅ ሌባ ይዞት የት ይደርሳል?

የሰፈራችን መካኒክ ገና ወጣት ነው፤ ይህ ጥበብ አልገባውም። ነገሩን ደረቅ አድርጎ ነው የሚያስረዳው። የፍሬን ዘይት አይጨመቅም፣ አየር ይጨመቃል። ፔዳሉ ጭቃ የረገጡ ያህል ልፍስፍስ ካለ ዘይቱ የሚሄድበት መስመር ውስጥ አየር ገብቷል፤ የእግር ጉልበት አየሩን ሲያሽ ይውላል እንጂ ጎማው ጋ አይደርስም። ደጋግመው ሲረግጡ ማስተሩ፣ ማለትም ከፔዳሉ ጋር የተያያዘው የዘይት መግፊያ፣ ዘይት እየጨመረ ይገፋና ለጊዜው ይጠነክራል። ጎማውን አሽቶ የሚያቆመው ሸራ ተበልቶ ከታምቡሩ፣ ከጎማው ጋር ከሚዞረው ክብ ብረት፣ ሲርቅም እንዲሁ ያደርጋል። «ያዘልኝ ብለው አይመኑት ጋሼ» አላቸው።

«አንተ ስትወለድ እኔ ስነዳ ነበር» አሉት። እውነት ነው፤ ያኔ ግን ፍሬናቸው በአንዴ ይይዝ ነበር።

ደግሞ የዘይቱ ነገር አለ። ጋሼ በር ኪሳቸው ውስጥ ከሃይላንድ ውሃቸው ጎን የፍሬን ዘይት ጠርሙስ ያስቀምጣሉ። ሰኞ ሰኞ ኮፈኑን ከፍተው ይጨምራሉ። «ይሄ መኪና ዘይት ይወዳል» ይላሉ፣ ልጃቸው ወተት ይወዳል እንደሚሉት። መካኒኩ እዚህ ላይ ራሱን ያዘ። የፍሬን ዘይት እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። መስመሩ ዝግ ነው። ሸራው እያለቀ ሲሄድ በወራት ውስጥ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ በየሳምንቱ ከጎደለ ግን የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

የት እንደሚፈስም ሰፈሩ ሁሉ ያያል። የኋላው ግራ ጎማ በውስጥ በኩል ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ጋሼ ይህን የመረመሩት በራሳቸው መንገድ ነው። የሰፈሩን ውሾች ጠረጠሩ። አንድ ወር ሙሉ ማታ ማታ በመስኮት አደቡ፣ ድንጋይ ወረወሩ፣ የጎረቤትን ቡችላ ሳይቀር ከሰሱ። መካኒኩ በጣቱ ነካ አድርጎ አሸት አሸት አደረገው። «ጋሼ፣ የውሻ ሽንት አያሟልጭም፣ የቸርኬውንም ቀለም አይልጥም» አለ። ሸራውን የሚገፋው የጎማው ሲሊንደር ውስጥ ያለው ጎሚኒ አርጅቶ ዘይቱ ወደ ታምቡሩ እየገባ፣ ሸራውን እያራሰ፣ በጎማው እየወረደ ነበር። የተከሰሰው ቡችላ እስካሁን ይቅርታ አልተጠየቀም።

የጋሼ ወንድም ደግሞ የባሰ ሊቅ ነው። አይሱዙ ይነዳል። መንገድ ላይ ዘይት ቢያልቅ ሳሙና ውሃ ይሞላል ብሎ መክሯቸዋል። አቤት ብልሃት! ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው በ205 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ውሃ ግን በአዲስ አበባ ከፍታ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ውሃው እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይጨመቃል፣ ፔዳሉም ወለሉን ይሳለማል። የሞተር ዘይት የሚሞሉም አሉ። እሱ ጎሚኒውን ሁሉ ያሳብጠዋል። መካኒኮቻችን በልተው የሚያድሩት በእነዚህ ደጋግ ሰዎች ነው፤ ይባረኩ።

የቦሎ ሰሞን ሲደርስ ጋሼ ፍሬናቸውን ያከብሩታል። ዘይቱ አፍ እስከ ገደፉ ይሞላል፣ አየሩም ይወጣል። ልክ እንደ ልደት፣ በዓመት አንድ ቀን።

የኔን ሹመት ረስቼ። እኔ የታኮ ኃላፊ ነኝ። ከእግሬ ሥር ጥቁር ድንጋይ አለች። ዳገት ላይ ስንቆም በሩን ከፍቼ ዘልዬ ከጎማው ሥር እሰካለሁ። ዲግሪ አለኝ፤ ለዚህ ግን አልተጠየቅኩም።

ባለፈው ወር ነው ሦስተኛው ረገጣ ያልያዘው። አራተኛውም። ጋሼ ማርሹን ቀንሰው የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያሉ ሳቡት፤ የእጅ ፍሬን በራሱ ሽቦ ስለሚሠራ ዘይት አይጠይቅም። አንድ ጅምር ፎቅ ፊት የተቆለለ አሸዋ ላይ ወጥተን ቆምን። ሰው ተሰበሰበ። ጋሼ ወርደው አቧራቸውን አራገፉ።

«ፍሬኑ እምቢ አለኝ» አሉ።

ዓመት ሙሉ በየሰኞው ሲለምናቸው የነበረው ፍሬን ነው።

መካኒኩ ሲሊንደሩን ቀየረ፣ በዘይት የራሰውን ሸራ ጣለ፣ አሮጌውን ዘይት አፈሰሰ። ከዚያ ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምሮ አየሩን አስወጣ። ጋሼ ወንበራቸው ላይ፣ ልጁ መኪናው ሥር። «ይርገጡ! ይያዙ! እንዳይለቁ!» ጎማው ጋ ያለው የአየር ማስወጫ ብሎን ይላላል፣ አረፋ የተቀላቀለ ዘይት በቱቦው ይወጣል፣ ብሎኑ ይጠብቃል። «አሁን ይልቀቁ!» ጋሼ ከልማድ የተነሳ ሳይታዘዙ ሦስቴ ይረግጣሉ፣ ልጁ ይጮኻል። አረፋው እስኪጠፋ ግማሽ ቀን ፈጀ።

በማግስቱ ወረድን። ቁልቁለቱ ጋ ወሬያችን እንደ ልማዱ ተቋረጠ። ጋሼም እንደ ልማዳቸው የመጀመሪያውን ረገጣ ባለ በሌለ ኃይላቸው ረገጡት። ከኋላ የነበሩት ሦስቱም ፊት ወንበር ጀርባ ላይ ተለጠፉ። የኔ ግንባር ዳሽቦርዱን ሳመ። ድንጋይዋ ሳትቀር ተንከባላ ጣቴ ላይ አረፈች።

ጋሼ መሪውን እንደያዙ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አላልኩህም? ይሄ ልጅ ጠባዩን አበላሸብኝ።»