ይቅርታ የማይደርሰው እስረኛ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን እንደገባ መንግሥት 4,011 ታራሚዎችን በይቅርታ ሲፈታ ብዙዎቻችን እሰየው ብለናል፤ እኔም አንዱ ነበርሁ። ሆኖም ይቅርታ የሚሰጠው ለተፈረደበት ሰው ነው። ጥፋተኛነቱ ገና ሳይረጋገጥ፣ የዋስትና ገንዘብ አጥቶ ቀጠሮ የሚጠብቀው ሰው በዚህ በር አይወጣም። የእስረኛ ቁጥር ይቀነስ ከተባለ ከመውጫው ይልቅ መግቢያው ሊታይ ይገባል ባይ ነኝ።

የነዋሪው ደኅንነት በሕጉ አልተዘነጋም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብና በሕግ ከተለዩ ሁኔታዎች በቀር በዋስ የመፈታት መብት እንዲኖረው ደንግጓል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 67 ተጠርጣሪው የዋስትና ግዴታውን የማያከብር፣ ሌላ ወንጀል የሚፈጽም ወይም ምስክር የሚያባብል መስሎ ከታየ ዋስትናው እንዲከለከል አዝዟል። የጎደለው ዳኛው ይህን የሚመዝንበት መረጃ ነው፤ ከመርማሪው ቃልና ከተጠርጣሪው ኪስ ሌላ የሚቀርብለት ጥቂት ነው።

ሐዋሳን እንውሰድ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ሥራ ፍለጋ የመጣው ወጣት ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ለሦስት ለአራት ሆኖ ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ መታወቂያው የትውልድ ቀበሌው የሆነ ነው። ስልክ ነጥቀሃል ተብሎ ቢያዝ የሚዋሰው ዘመድ በከተማው የለውም። ሚስቱን ደብድቦ የተያዘ ባለ ገንዘብ ግን ብሩን አስይዞ ወደዚያው ቤት ሊመለስ ይችላል። ማታ ከፈረቃ ወጥታ ባጃጅ የምትጠብቅ ሠራተኛ የስልክ ንጥቂያን ቀላል ወንጀል እንደማትለው አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከሁለቱ ማን ይበልጥ እንደሚያሰጋ የገንዘቡ መጠን አይነግረንም።

ስለዚህ የተጠርጣሪውን አድራሻና ሥራ በአካል ሄዶ የሚያጣራ ባለሙያ ለችሎቱ ይመደብ፤ አሠሪው ወይም የቤት አከራዩ በመታወቂያ ዋስ መሆን ይቻለው፤ የቀጠሮው ቀንም በስልክ ይታወሰው። የጎረቤት ጠብና የድንበር ክርክር፣ ሲዳማ በአፊኒ ሥርዓት በሽማግሌ ፊት ሲፈታው የኖረ ነውና፣ ለፖሊስ ጣቢያ ሳይተርፍ ሊያልቅ ይችላል። በሴት ላይ የተፈጸመ ጥቃት ግን ለሽማግሌ የሚተው አይደለም። በዚህ ጉዳይ ተጠርጣሪው በዋስ የሚወጣ ከሆነ ተበዳይዋ ቀድማ ከፍርድ ቤቱ ልትሰማ ይገባል፤ ዛሬ ብዙ ጊዜ ወሬው የሚደርሳት ጎረቤት «ተፈቷል እኮ» ሲላት ነው።