«ባለሜዳ» የምትለዋ ቃል

ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ በተሸነፉ ማግስት ጅማ ውስጥ ከሄርማታ እስከ አጂፕ የሚሰማው ወሬ አንድ ነው፤ አሰልጣኙ ይነሳ፣ አጥቂ የለንም፣ ልጆቹ ጉልበት የላቸውም። እሺ፣ ይሁን። ግን ዲኤስቲቪ ቤት ከሚሰበሰበው ሰው መሃል ጨዋታው የት አገር እንደሚካሄድ የሚጠይቅ አንድ ሰው ይጥፋ? ኅዳር 2016 ከሴራሊዮን ጋር 0 ለ 0 ስንለያይ ባለሜዳዎቹ እኛ ነበርን። ሜዳው ግን ኤል ጃዲዳ ነው። ሞሮኮ! ካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የኛን ስታዲየሞች ስላልፈቀደልን። እንዲህ ከሆነ ባለሜዳ ማለት እንደ እንግዳው አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ እንደ እንግዳው ሆቴል አድሮ፣ ማልያ ብቻ አስቀድሞ የሚመርጥ ማለት ነው።

ነገሩን በነጥብ እንየው፣ ስድቡ በኋላ ለሁሉም ይደርሳል። የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ምድብ 4 ቡድን ነው። 6 ጨዋታ፣ 3 በሜዳህ፣ 3 ከሜዳህ ውጪ፤ ሁለቱ ያልፋሉ። ሞሮኮ ላዘጋጀችው ዋንጫ የደረሱን ዲ.አር. ኮንጎ፣ ታንዛኒያና ጊኒ ነበሩ። ስድስቱንም ጨዋታ በሦስት የሰው ከተማ ጨረስናቸው። ዳሬሰላም ላይ ከታንዛኒያ ጋር 0 ለ 0 ወጣን፤ እዚያው ቆይተን ኮንጎን «በሜዳችን» አስተናግደን 2 ለ 0 ተሸነፍን። አቢጃን ላይ ጊኒ ሁለቴ ቀጣችን፣ 4 ለ 1 እና 3 ለ 0። ኅዳር 2017 ኪንሻሳ ላይ ታንዛኒያ «በሜዳችን» 2 ለ 0 ረታችን፤ ከሦስት ቀን በኋላ እዚያው ኪንሻሳ ኮንጎን 2 ለ 1 አሸነፍን (ኮንጎ ማለፏን ጨርሳ ነበር፣ ብዙ አንኩራራ)። ድምር 4 ነጥብ። ኮንጎ 12፣ ታንዛኒያ 10፣ ጊኒ 9።

አሁን እስክሪብቶ ያዙ። ታንዛኒያንና ጊኒን አገራችን አምጥተን ብናሸንፋቸው ኖሮ እኛ 10፣ ታንዛኒያ 7፣ ጊኒ 6። አልፈን ነበር! ያው ቡድን፣ ያው አሰልጣኝ፣ ያው «ጉልበት የሌላቸው» ልጆች።

«ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 አላሸነፍንም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አሸንፈናል፤ ሰኔ 2014፣ ከዚህ በፊት በነበረው የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አግብተው። ያንን ምድብ በስንት ነጥብ ጨረስነው? በ4። ቀጣዩንም በ4። ሁለቱንም ጊዜ የምድቡን አንደኛ ጥለን እኛ መጨረሻ ሆንን። ትልቁን ቡድን አንድ ቀን መጣል አያቅተንም። የሚያቅተን ማላዊን በተራ ቀን ማሸነፍ ነው፣ ተራውን ቀን ደግሞ የሚያሸንፍልህ ሜዳህ ነው። የዛሬውን አዲስ ትውልድ ጥቅምት 2005ን አስታውሱት፤ ሱዳን ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 አሸንፋን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ገልብጠን፣ ከሜዳ ውጪ ባገባነው ጎል በልጠን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቃን። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ፣ የስታዲየሙ የደጋፊ ቦታዎች ካታንጋና ሚስማር ተራ እየጮኹ። ከባህር ዳርቻ የመጣ ቡድን ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ እግሩ ይታሰራል። ይሄንን ነው በገዛ እጃችን ጥለን ኪራይ ሜዳ ላይ ስንዞር የከረምነው።

የዓለም ዋንጫ ማጣሪያውንማ አታንሱብኝ። 10 ጨዋታ 9 ነጥብ፣ ከዚያ ውስጥ 4ቱ ከጅቡቲ።

ለስታዲየም የካፍን ፈቃድ ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ ማቆየት ሌላ። ባሕር ዳር መስከረም 2014 ደቡብ አፍሪካን ያስተናገደ ስታዲየም፣ ካፍ ከልክሎት ኅዳር ላይ ጋናን ለመግጠም ጆሃንስበርግ ሄድን። እኛ ስታዲየም ስንል የሚታየን ከውጭ የሚያምረው ግንብ ነው። የካፍ ተቆጣጣሪ ግን መጥቶ ጎንበስ የሚለው ሳሩ ላይ ነው፤ ከዚያ መልበሻ ክፍል፣ ፓውዛ፣ የሕክምናና የዶፒንግ ምርመራ ክፍል፣ የጋዜጠኛ ቦታ፣ ለየብቻ የሆነ ወንበር፣ የመግቢያ በር።

የሳሩን ነገር ላስረዳ፣ ምክንያቱም ገንዘቡ የሚቀበረው እዚያ ነው። 105 በ68 ሜትር ሜዳ ከላይ ሳር አይደለም፣ ከሥር ቱቦ ነው። መጀመሪያ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይቀበራል፣ በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠጠር፣ በላዩ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የታጠበ አሸዋ፣ ከዚያ ሳሩ። እኛ ጋ ምን ይደረጋል? አሸዋው ይወደድና በቀይ አፈር ይሞላል። በጋውን አረንጓዴ ሆኖ ፎቶ ይነሳል፤ ክረምት ሲገባ ውሃው መውረጃ ያጣል፣ ሥሩ ይበሰብሳል፣ ጎሉ ፊት ያለው ቦታ ይላጣል። በዚህ ላይ የሆነ ዝግጅት ይመጣና መድረክ የጫነ አይሱዙ መሃል ሜዳ ይገባል። አንዴ የተጠቀጠቀ አፈር በሹካ ተወግቶ፣ አሸዋ ተነስንሶ፣ ወራት ካላረፈ አይመለስም። ሳሩም ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሆኖ አዘውትሮ መታጨድ አለበት፤ በኛ ግን የሚታጨደው እንግዳ ሲመጣ ነው። በእንደዚህ ያለ ሜዳ ያደገ ተከላካይ ኳስ ስለምትነጥርበት ሁለቴ ነክቶ ያቆማታል። ከፈጣን አጥቂ ፊት ሁለት ንክኪ ማለት ዕዳ ነው። ጥር 2014 ካሜሩን ላይ ዳዋ በ4ኛው ደቂቃ አግብቶ ስንጨፍር በ8ኛው እኩል ሆነ፤ ከዕረፍት መልስ በሁለት ደቂቃ ልዩነት ሁለት ገባብን፣ 4 ለ 1።

አጥቂም የለንም፣ እውነት ነው። በ2010 ጅማ አባ ጅፋር ሊጉን በተቀላቀለበት ዓመት ዋንጫውን ሲያነሳ የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ የኛው ኦኪኪ አፎላቢ ነበር፣ ናይጄሪያዊ። ደስ ብሎን ጨፍረናል። ግን ክለብ ሁሉ የ9 ቁጥሩን፣ የአጥቂውን ማልያ ለውጭ ሰው ሲሰጥ የሰፈሩ ልጅ ወደ አማካይ ይሸሻል፣ ለዚህ ነው ብሔራዊ ቡድኑ አማካይ ሞልቶት ጎል የሚያገባ ያጣው።

አሁን ደግሞ የአፍሪካ ዋንጫው ጎረቤት ሊመጣ ነው፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ። 2017 ክረምት ቻንን (በአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ብቻ የሚሰለፉበትን የአፍሪካ ውድድር) ሲያዘጋጁ ሦስቱም ሩብ ፍጻሜ ገቡ፤ በየራሳቸው ሜዳ፣ በየራሳቸው ሕዝብ ፊት። እኛን ከዚያ ውድድር ያስቀረችን በጦርነት ላይ ያለችው ሱዳን ናት። እዚህ ጅማ የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም በ2013 የሊጉን ጨዋታዎች አስተናግዷል፤ ከተማው ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፣ ኤርፖርት አለው፣ ሪፈራል ሆስፒታል አለው።

ስለዚህ የምትከራከሩ ወንድሞቼ፣ ነገ ዝናቡ ሲያባራ አንድ ሜዳ ሂዱና ጎሉ ፊት ያለውን ሳር በተረከዛችሁ ተጫኑት። ውሃ ካፈለቀ ስለ አሰልጣኝ አታውሩኝ።